ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ ፓምፕ፦ በባሕር ዳር የአንድ ምድር ቤት የጎርፍ ጉዳይ

ባለፈው ሐምሌ አጋማሽ ባሕር ዳር ውስጥ ዝቅ ባለ ሰፈር የሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት ምድር ቤቱ በአንድ ሌሊት 11 ሴንቲ ሜትር ውኃ ያዘ። ምድር ቤቱ ለጤፍ ነጋዴ በመጋዘንነት የተከራየ ነው፤ ርብራብ ላይ ያልተቀመጠው የታችኛው ረድፍ ጤፍ በሙሉ ረጠበ። ዝናቡ የጀመረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነበር። 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ ከ50 ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። ከዚያ እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ከ20 ድረስ ፓምፑ ለአፍታም አልቆመም። ተከራዩ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ለባለቤቱ ደውሎ «ጋሼ፣ ፓምፑ እየሠራ ነው፣ ድምፁም ይሰማል፤ ውኃው ግን እየጨመረ ነው» አላቸው።

ሲነጋ ባለቤቱ የወሰኑት ብዙ ሰው የሚወስነውን ነው፦ የ0.5 ፈረስ ጉልበቱ ፓምፕ ደክሟልና ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ይገዛ። ከመግዛቱ በፊት ግን እንዲለካ ተስማሙ። ልኬቱ ሁለት ነገር አሳየ። ወደ ጉድጓዱ የሚገባው ውኃ መግባት ከነበረበት ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ደግሞ ያው ፓምፕ ማውጣት ከሚችለው ሲሶ ያህል ብቻ። ትልቅ ፓምፕ ቢገዛ የመጀመሪያውን አይነካውም፤ ሁለተኛውንም ለጥቂት ሳምንት ይሸፍነው ይሆናል እንጂ ትንሹን ያነቀው ነገር ትልቁንም ማነቁ አይቀርም ነበር።

ቤቱና መሬቱ

ምድር ቤቱ 5 ሜትር በ6 ሜትር ነው፤ ወለሉ ከግቢው መሬት 1.6 ሜትር ዝቅ ይላል። ግድግዳው የድንጋይ ግንብ፣ ወለሉ ሊሾ ነው። በአንዱ ጥግ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አለ፤ ጎኑ ኮንክሪት፣ ታቹ ክፍት ሆኖ ጠጠር የተነጠፈበት። ፓምፑ ውኃ ውስጥ ተዘፍቆ የሚሠራው ዓይነት ነው፤ የመውጫው ቧንቧ ባለ አንድ ከሩብ ኢንች ሆኖ ወደ ላይ ይወጣና ግድግዳውን በስቶ ግቢው ውስጥ ያበቃል።

የባሕር ዳር መሬት ለምድር ቤት የሚመች አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግታለች፤ የጣና ሐይቅ ገጽ ደግሞ 1,786 ሜትር አካባቢ ነው። ሜዳማ ስለሆነች ውኃው ተንደርድሮ የሚሄድበት ቁልቁለት የለም። በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ከሚወርደው ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጠቃለላል። በዚህ ግቢ ያለው አፈር መረሬ ነው። መረሬ በበጋ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ከግድግዳው ሥርም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ በዚያ ስንጥቅ ቀጥ ብሎ ወደ መሠረቱ ይወርዳል። አፈሩ ጠጥቶ ሲያብጥ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ውኃ ማሳለፉም በጣም ይቀንሳል፤ ያኔ ደግሞ ላይ የተኛው ውኃ መሄጃ ያጣል። «ሰኔ ላይ ገባ፣ ሐምሌ ላይ ቆመ፣ ነሐሴ ላይ እንደገና ገባ» የሚሉ ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የሚያዩት ይህንን ነው።

የሚገባውን ውኃ መለካት

ለዚህ ሜትርና ሰዓት ይበቃል። 60 በ60 በሆነ ጉድጓድ ውስጥ የውኃው ከፍታ 1 ሴንቲ ሜትር ሲጨምር 3.6 ሊትር ገባ ማለት ነው። ጉድጓዱ ክብ ከሆነ የግማሽ ስፋቱን ሜትር በራሱ አባዝቶ፣ በ3.14 አባዝቶ፣ ውጤቱን በ10 ማባዛት በአንድ ሴንቲ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚይዝ ይነግራል። ፓምፑ ይጠፋል፣ ሜትሩ ከጎን ይቆማል፣ 2 ደቂቃ ይጠበቃል። ጠጠሩ ውስጥ ሰርጎ የሚጠራቀመው ውኃ ስለማይታይ ቁጥሩ በትንሹ ዝቅ ይላል፤ ለውሳኔ ግን በቂ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የወረደው ዝናብ ከሌሊቱ ብዙም የሚተናነስ አልነበረም። ፓምፑ እንደጠፋ ውኃው በ2 ደቂቃ 17 ሴንቲ ሜትር ወጣ፤ በደቂቃ 30 ሊትር ገደማ ነው። ቀጥሎ የፓምፑ መውጫ በ20 ሊትር ጀሪካን ተለካ። ጀሪካኑ የሞላው በ50 ሴኮንድ ነው፤ በደቂቃ 24 ሊትር ማለት ነው። 30 ይገባል፣ 24 ይወጣል። ተከራዩ በስልክ የተናገረው ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ ፓምፑ ይሠራ ነበር፣ በየደቂቃው ግን 6 ሊትር ይቀደም ነበር።

በዚህ ልኬት የሌሊቱ ጎርፍ ሊሰላ ይችላል። መብራት ተመልሶ ዝናቡ እስኪያባራ የቆየው 6 ሰዓት ተኩል ወይም 390 ደቂቃ ነው፤ በደቂቃ 6 ሊትር ቢተርፍ 2,340 ሊትር ይሆናል። መብራት በጠፋበት 50 ደቂቃ ደግሞ የገባው በደቂቃ 19 ሊትር ገደማ ነው (ለምን 30 እንዳልሆነ ከታች ይታያል)፤ እሱም 950 ሊትር። ድምሩ 3,290 ሊትር ነው። 30 ካሬ ሜትር ወለል ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ውኃ 3,300 ሊትር ስለሆነ ሒሳቡ ይገጥማል። ሰፈሩ ሁሉ ጥፋቱን በመብራቱ አላኮ ነበር፤ የመብራቱ ድርሻ ግን ከሲሶ በታች ሆኖ ተገኘ።

ዞሮ የሚመለሰው ውኃ

የመውጫው ቧንቧ ጫፍ ከግድግዳው 1.5 ሜትር ርቆ መሬት ላይ ያፈስ ነበር። እዚያ ቦታ ግቢው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ቤቱ ያዘነብላል፤ ከጊዜ በኋላ የተሠራው የአትክልት መደብ ከፍ ብሎ መንገዱን ዘግቶታል። የወጣው ውኃ ግድግዳው ሥር ተኝቶ፣ በመሠረቱ ዙሪያ ባለው ሙሌት ሰርጎ፣ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ፓምፑ ያንኑ ውኃ ሌሊቱን ሁሉ ሲያመላልስ አደረ።

ይህን ለማረጋገጥ መቆፈር አላስፈለገም። መውጫው ላይ ረጅም ላስቲክ ቱቦ ታስሮ ውኃው በር ላይ ወዳለው የመንገድ ዲች (የውኃ መውረጃ ቦይ) እንዲፈስ ተደረገ። ዝናቡ ሳያባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲለካ ውኃው በ2 ደቂቃ የጨመረው 10.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ፤ በደቂቃ 19 ሊትር ነው። ልዩነቱ 11 ሊትር፣ ማለትም ፓምፑ ከሚያወጣው ግማሽ የሚጠጋው፣ ተመላሽ ውኃ ነበር። መብራት በጠፋበት ጊዜ የገባው 19 ሊትር የተባለውም ለዚህ ነው፤ ፓምፑ ሲቆም ተመላሹም ይቆማል።

ሁለተኛው ምንጭ ጣሪያው ነው። በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። ወደዚያ ጎን የሚያዘነብለው የጣሪያ ክፍል 60 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 1,800 ሊትር በአንድ የአሸንዳ መውረጃ ይወርዳል፤ በደቂቃ 30 ሊትር መሆኑ ነው። አሸንዳው በማንጎ ቅጠል ተደፍኖ ግማሹ ግድግዳውን እየታከከ ይፈስ ነበር፤ የቀረው በመውረጃው ወርዶ መሠረቱ ሥር ይፈስ ነበር። አሸንዳው ተጠርጎ የመውረጃው ጫፍ በጎሚቶ (በቧንቧ ማጠፊያ) እና በ4 ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ከቤቱ ተርቆ ወደ ዲቹ አቅጣጫ ከተመራ በኋላ፣ በቀጣዩ ከባድ ዝናብ ጉድጓዱ በ2 ደቂቃ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጨመረ። 9 ሊትር በደቂቃ። ይህ የከርሰ ምድሩ ውኃ ነው፤ እሱን የሚያስቀር መሣሪያ የለም፣ ፓምፕ የሚያስፈልገውም ለእሱ ነው።

አሸንዳ በመጥረግና ሁለት ቱቦ በማራዘም ብቻ የፓምፑ ሥራ ከ30 ወደ 9 ወረደ። ፓምፕ ከመቀየር በፊት ጃንጥላ ይዞ ወደ ግቢ መውጣትና በዝናብ ሰዓት ውኃው የት እንደሚሄድ ማየት ከማንኛውም ዕቃ በላይ ዋጋ አለው። በፀሐይ ሰዓት ግቢ አይቶ የሚፈርድ ሰው ግማሹን አያይም።

ቋሚው ሥራ ሲሠራ ከግድግዳው ማዶ ያለው ቧንቧ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ 12 ሜትር ርቀት ላይ ወዳለው ዲች ተወሰደ። በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ቁልቁለት ተሰጥቶታል፤ ፓምፑ ሲቆም ውስጡ የቀረው ውኃ ራሱ ፈስሶ ያልቃል፣ ደለልም አይተኛበትም። ቧንቧውን ወደ ሽንት ቤት ሴፕቲክ ማገናኘት ቅርብና ቀላል መስሎ ይታያል። አይደረግም፤ ሴፕቲኩ በአንድ ከባድ ዝናብ ይሞላና ቆሻሻው ወደ ቤት ይመለሳል። ግድግዳው ሥር ያለው መሬት ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘነብል በቀይ አፈር ተሞልቶ ተጠቀጠቀ። መደቡ ተቆርጦ መንገድ ተከፈተለት።

ፓምፑ ሲከፈት

ወለሉ ላይ ውኃ ባለበት ሰዓት ወደ ምድር ቤቱ መውረድ የሚቻለው ከላይ ቆጣሪው አጠገብ ያለው ብሬከር ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው። ሶኬቱን ለመንቀል በውኃ ውስጥ መራመድ ሰው የሚገድል ነገር ነው፤ በዚህ ቤት ተከራዩ ሌሊት ላይ ሊያደርገው ነበር፣ ባለቤቱ በስልክ ከለከሉት።

ፓምፑ የሚወጣው በእጀታው ላይ በታሰረ የናይለን ገመድ ነው። በኤሌክትሪክ ገመዱ መጎተት ገመዱ ወደ ሞተሩ የሚገባበትን ጎማ ያላላዋል፤ ውኃ ወደ ሞተሩ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል ነው። ይህኛው ፓምፕ ሲወጣ ተራ በተራ የተገኘው ይህ ነው።

ጉድጓዱ ታች 22 ሴንቲ ሜትር ደለል ነበር፣ ፓምፑም እዚያው ላይ ተቀምጧል። ከ80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከሩብ በላዩ ጠፍቷል ማለት ነው፤ የፓምፑ አፍም ጭቃ ይመጥጣል። የማጣሪያው ቀዳዳዎች ሲሶ ያህሉ በፌስታል ቁርጥራጭ ተሸፍነዋል። ታችኛው ክዳን ተፈትቶ ኢምፔለሩ፣ ማለትም እየተሽከረከረ ውኃውን የሚገፋው ክንፍ፣ ሲታይ ዋናው ጥፋት ተገኘ፦ የማዳበሪያ ክር። ጤፍ የሚሞላበት የላስቲክ ማዳበሪያ አፉ ሲተለተል ክሩ ወለል ላይ ይወድቃል፣ ወለሉ ሲታጠብ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፣ ከማጣሪያው ሾልኮ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ክሩ ኢምፔለሩን አላቆመውም፤ አከበደው እንጂ። ፓምፑ ድምፁ ሳይለወጥ ጉልበቱ የሚያልቀው እንዲህ ነው፣ በጆሮ ብቻ የሚፈትሽ ሰውም ይታለላል።

ክሩ በምላጭ ተቆርጦ ወጣ። በመቀስ ጫፍ መቆፈር አይገባም፤ ከኢምፔለሩ ኋላ ያለውን፣ ውኃ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የሚያግደውን «ሲል» የሚባል ማሸጊያ ይቧጭራል፤ ሲሉ ካፈሰሰ ሞተሩ አለቀ። የኢምፔለሩ ጠርዝ አሸዋ ስለሞረደው ትንሽ ተበልቷል፣ ግን አልተቀየረም። ጸድቶ ሲመለስ 20 ሊትር ጀሪካኑን በ17 ሴኮንድ ሞላ፦ በደቂቃ 70 ሊትር። ያው ፓምፕ ነው።

የወጣው ውኃ በቧንቧው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚከለክለው ቼክ ቫልቭም ተፈትቶ ታየ። ምላሱ ሥር ባቄላ የምታክል ጠጠር ተወትፋ ክፍት አድርጋው ነበር። ፓምፑ በቆመ ቁጥር በቆመው ቧንቧ ያለው 3 ሊትር ያህል ውኃ ይመለሳል። 3 ሊትር ትንሽ ነው፤ ሲደጋገም ግን ፓምፑን ያለ ምክንያት ያስነሳዋል፣ የሚመለሰው ውኃም ኢምፔለሩን ወደ ኋላ ያሽከረክራል፤ በዚያው ቅጽበት ከተነሳ ሞተሩ ይጨነቃል። አዲሱ ቼክ ቫልቭ ከላይና ከታች ዩኒየን (የሚፈታ ማያያዣ) ተደርጎለት ተገጠመ፣ ለሚቀጥለው ጽዳት ቧንቧ መቁረጥ እንዳያስፈልግ። የቧንቧው ጥርሶች ላይ ቴፍሎን ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ይጠመጠማል፤ በተቃራኒው ከተጠመጠመ ሲጠብቅ ይገፈፋል።

በብዙ ቤት የሚረሳ አንድ ቀዳዳ አለ። ከፓምፑ በላይ፣ ከቼክ ቫልቩ በታች፣ ጉድጓዱ ውስጥ ባለው ቧንቧ ላይ ወደ ታች ያዘነበለ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳል። ፓምፑ ከደረቀ ጉድጓድ በኋላ ውኃ ሲሞላ በኢምፔለሩ ዙሪያ አየር ይታመቃል፤ ቼክ ቫልቩ ዝግ ስለሆነ መውጫ ያጣል፣ ፓምፑም እየተሽከረከረ ጠብታ አያወጣም። አየሩ የሚወጣው በዚህች ቀዳዳ ነው። ሲሠራ ቀጭን ውኃ ወደ ጉድጓዱ ትረጫለች፤ መርጨቷ ጤንነት ነው፣ ካልረጨች ተደፍናለችና በሽቦ ትወጋ። አንዳንድ ፓምፖች ከፋብሪካ ገላቸው ላይ ቀዳዳው ስላላቸው መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

የተንሳፋፊው፣ ፍሎት የሚባለው ማብሪያ፣ ገመድ ከፓምፑ እጀታ ጋር በጣም አጥሮ ታስሮ ነበር። ተነስቶ የሚጠፋው በ8 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ውስጥ ስለሆነ በአንድ ጊዜ 29 ሊትር ብቻ ያወጣል። ዝናቡ ቀንሶ በደቂቃ 9 ሊትር በሚገባበት ሰዓት እንኳ ፓምፑ በሰዓት 12 ጊዜ ያህል ይነሳ ነበር። ሞተር የሚጎዳው ሲነሳ ነው። ገመዱ ረዝሞ ልዩነቱ 25 ሴንቲ ሜትር ተደረገ፤ በአንድ ጊዜ 90 ሊትር ይወጣል፣ ለመሙላት 10 ደቂቃ፣ ለማውጣት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፣ በሰዓት 5 ጊዜ ብቻ ይነሳል። ገመዱ ከዚህ በላይ ቢረዝም ኳሱ ግድግዳው ላይ ወይም ቧንቧው ሥር ይወተፋል። ወደ ላይ ሲወተፍ ፓምፑ ደርቆ ይቃጠላል፣ ወደ ታች ሲወተፍ ቤቱ ይሰምጣል። ስለዚህ ከታሰረ በኋላ ውኃ እየተሞላ ኳሱ ሙሉ ክቡን ሳይነካ ሲዞር በዓይን መታየት አለበት።

ባለ 1 ፈረስ ጉልበቱ ፓምፕ የቀረው በዚህ ሒሳብ ነው። በደቂቃ 200 ሊትር የሚያወጣ ፓምፕ ያንን 90 ሊትር በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል። ሌላም አደጋ አለ፤ ውኃን በኃይል ስቦ ማውረድ ከወለሉ ሥር ደቃቅ አፈር ይዞ ይመጣል። ከመውጫው የሚፈሰው ውኃ ሁልጊዜ ድፍርስ ከሆነ ወለሉ ሥር ባዶ እየሆነ ነውና ሳይዘገይ መታየት አለበት።

ደለሉ በባልዲ ወጥቶ፣ ታች 15 ሴንቲ ሜትር የታጠበ ጠጠር ተነጥፎ፣ ፓምፑ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የኮንክሪት ቁራጭ ላይ ተቀመጠ። ጉድጓዱ ቀዳዳ በተበሳለት ላሜራ ተከደነ፤ ክዳኑ ፌስታልና ክር እንዳይገባ፣ ልጅም እንዳይወድቅ ነው።

ኤሌክትሪኩ

ፓምፑ መብራት የሚያገኘው ከላይኛው ቤት በተዘረጋ 30 ሜትር ኤክስቴንሽን ነበር፤ ሽቦው 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር። ደርሶ መልሱ 60 ሜትር ስለሆነ 1.4 ኦም መቋቋም አለው። ፓምፑ ሲሠራ 2.7 አምፔር ይስባል፣ ሽቦው ላይ የሚጠፋው ከ4 ቮልት አይበልጥም፣ ማንም ልብ አይለውም። ሲነሳ ግን ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይስባል፤ በ13.5 አምፔር 19 ቮልት ይጠፋል። በምሽት ሶኬቱ ላይ የተለካው 185 ቮልት ስለነበር ሞተሩ በሚነሳበት ቅጽበት የሚደርሰው 166 ብቻ ነው። የሞተር ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚወርድ የቀረው ከ220 ቮልቱ ጉልበት 57 በመቶ ገደማ ነው። በክር የተተበተበ ኢምፔለር በዚህ ጉልበት አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ እያጉረመረመ ይቀራል። እያጉረመረመ የማይዞር ፓምፕ ከአንድ ደቂቃ በላይ መተው የለበትም፤ ኢምፔለሩ ነፃ ሆኖም ካልተነሳ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዘው ካፓሲተር ይለካል።

በኤክስቴንሽኑ ምትክ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የራሱ መስመር ተዘረጋለት፤ ሲነሳ የሚጠፋው 6 ቮልት ብቻ ሆነ። መስመሩ 10 አምፔር ብሬከርና ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ አለው፣ ኧርዙም (የመሬት ሽቦው) ተለክቷል። ሶኬቱ ከወለሉ 1.5 ሜትር ከፍ ብሏል። የራሱ መስመር የተባለበት ምክንያት አለ፤ ከምጣድ ወይም ከውኃ ማሞቂያ ጋር ከተጋራ፣ እነሱ ብሬከሩን ሲጥሉ ፓምፑም አብሮ ይቆማል፣ ማንም አያውቅም።

መብራት ሲጠፋ

ውኃው ፍሎቱን ከሚያነሳበት ከፍታ እስከ ወለሉ 35 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 126 ሊትር ቦታ አለ። በደቂቃ 9 ሊትር ሲገባ ይህ 14 ደቂቃ ነው። ድሮ በነበረው 19 ሊትር ቢሆን 7 ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። በክረምት መብራት ከሩብ ሰዓት በላይ እንደሚጠፋ ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም።

ባለቤቱ የመረጡት ባትሪና ኢንቨርተር ነው። ፓምፑ ሲሠራ 600 ዋት ይወስዳል፤ ነገር ግን 9 ሊትር ለሚገባበት ጉድጓድ ከሚያወጣው 70 ሊትር አንጻር ከጊዜው 13 በመቶውን ብቻ ስለሚሠራ አማካዩ 77 ዋት ነው። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹ ብቻ ቢወሰድ፣ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላውም ሲቀነስ፣ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ያቆያል። ኢንቨርተር ሲገዛ መታየት ያለበት ዘወትር የሚሸከመው ዋት ብቻ አይደለም፤ ፓምፑ ሲነሳ እስከ 3,000 ዋት ለቅጽበት መሸከም አለበት፣ ሞገዱም ንጹሕ ሳይን ይሁን። በርካሹ ካሬ ሞገድ ኢንቨርተር ፓምፑ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። ባትሪው ሲሞላ የሚተነው ጋዝ ስለሚቀጣጠል አየር በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ከወለሉ 1.2 ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል።

ጄኔሬተር የመረጠ ሰው ደግሞ ከቤት ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ያቁመው። ምድር ቤት ውስጥ ወይም ደረጃው ላይ የቆመ ጄኔሬተር የሚያመነጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር ርካሹ ዕቃ ማስጠንቀቂያው ነው፦ ከወለሉ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ሁለተኛ ፍሎትና በ9 ቮልት ባትሪ የሚጮኽ ደወል። ከዋናው መስመር ጋር አይገናኝም።

ከጥገናው በኋላ

ነሐሴ ላይ የሐምሌውን የሚያክል ዝናብ ደጋግሞ ጣለ፤ ወለሉ አልረጠበም። ደወሉ አንድ ጊዜ ጮኸ፦ ላሜራው ለጽዳት ተነስቶ ሳይመለስ ቀርቶ ፌስታል ገብቶ ማጣሪያውን ሸፍኗል። ተከራዩ ብሬከሩን ዘግቶ፣ ፓምፑን በገመዱ አውጥቶ፣ አጽድቶ መለሰ፤ ቅደም ተከተሉ ሶኬቱ አጠገብ በወረቀት ተለጥፎለት ነበር። ጤፉም አሁን ሙሉ በሙሉ ርብራብ ላይ ነው፣ የተተለተለ የማዳበሪያ ክር ለብቻው በጆንያ ይሰበሰባል።

ለዚህ ቤት የተተወው ሥርዓት እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ ፓምፑ ይወጣል፣ ኢምፔለሩ ይታያል፣ ደለሉ ይጠረጋል፣ ቼክ ቫልቩ ይፈታል፣ ጀሪካኑ በሰዓት ይለካል፤ 20 ሊትር ከ22 ሴኮንድ በላይ ከፈጀ ምክንያቱ ሳይገኝ ክረምት አይገባም። በዚያው ወር ግድግዳው ሥር ያለው የመረሬ ስንጥቅ በቀይ አፈር ይሞላል። ሐምሌና ነሐሴ በየሳምንቱ ቅዳሜ አምስት ጀሪካን ውኃ ጉድጓዱ ውስጥ ይደፋና ፓምፑ ራሱ ተነስቶ ራሱ መቆሙ ይታያል፤ የኢንቨርተሩም መስመር ዋናው ብሬከር ተዘግቶ ይሞከራል። በረዶ በጣለ ማግሥት አሸንዳው ይታያል፣ በረዶው ያራገፈው ቅጠል ይደፍነዋልና። በበጋ ደግሞ ፓምፑ ጉድጓዱ ውስጥ የሚቆይ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ ውኃ ተሞልቶ ይነሳ፤ ወራት ሳይንቀሳቀስ የቆየ ዘንግ ከሲሉ ጋር ይጣበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መስከረም ላይ ነው። ፀሐይ ወጣች ተብሎ ፓምፑ ተነቅሎ ይቀመጣል። የጣና ውኃ ግን ከፍታው ጫፍ የሚደርሰው ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ በሐይቁ ዳር ያለው የከርሰ ምድር ውኃም በቶሎ አይወርድም። በዚህ ቤት ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ ባለበት፣ ጉድጓዱ አሁንም በደቂቃ 3 ሊትር ይቀበል ነበር። ፓምፑ የወጣው ኅዳር ላይ ልኬቱ ዜሮ ሲደርስ ነው።

አንድ ሥራ ቀርቷል። በመሠረቱ ዙሪያ ያለው የማፋሰሻ ቱቦ ማጣሪያ ጨርቅ ሳይለብስ የተቀበረ ነው፤ ደለሉ የሚመጣው በእሱ በኩል ነው። እሱን ማውጣት ግቢውን በአንድ ጎን 1.8 ሜትር መቆፈር ስለሚጠይቅና በእርጥብ መረሬ ጉድጓድ መቆፈር የሠራተኛ ሕይወት ላይ መናድ ስለሚያስከትል፣ አፈሩ እስኪደርቅ ለየካቲት ተላልፏል። እስከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ደለል በየወሩ በሜትር ይለካል፤ ከጠጠሩ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ይወጣል።